የውሰት ወርቅ

በጭሮ ጫት ተራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የመይሙና ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ መንግሥት ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ይላታል፣ ሰዉ ጭሮ ይላታል፤ መይሙና ግን "ገዢ ይምጣልኝ እንጂ እንደፈለገው ይጥራት" ባይ ነበረች። ባሏን በጊዜ ቀብራ አንድ ሴት ልጇን በጫት ንግድ ያሳደገች፣ በገበያ ማንም የማያሞኛት፣ ደግ ሴት ናት። ደግነቷን ማንም አይክድም። ኩራቷ ግን፣ ኧረ ኩራቷ! ጦሟን አድራ፣ ጠዋት የበላች እንድትመስል ከንፈሯን ቅቤ ነካ አድርጋ የምትወጣ ዓይነት ነበረች።

በዚያ አገር ሴቶች አፎሻ አላቸው። ሰው ሲሞት ቀብር የሚያስፈጽም፣ ሲዳር ድግስ የሚያግዝ ማኅበር ማለት ነው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ ቤቱን የባል ዘመድ የወሰደባቸው፣ ላማቸውን ጎረቤት የነዳባቸው፣ በፍርድ ቤቱ ደጅ ተኮልኩለው ይውሉ ጀመር። ለማመልከቻ ጸሐፊ የሚከፍሉት የላቸው፣ ለቴምብር የላቸው። መይሙና ስታይ ስታይ ቆይታ አንድ ቀን ደሟ ፈላ። "ለሞተ ሰው ማኅበር ካለን በቁሟ ለምትቀበረው ለምን አይኖረንም?" አለች። እንዲህ ተጀመረ። ሰዉም "የነገር አፎሻ" ብሎ ስም አወጣለት።

ገንዘቡ ከጫት ነበር የሚመጣው። እያንዳንዷ ነጋዴ በገበያ ቀን አንድ ዙርባ፣ ማለት አንድ እስር ጫት፣ ለማኅበሩ ትለያለች። እሱ ተሽጦ ለማመልከቻው፣ ለምስክር መሳፈሪያና ምሳ፣ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ክስ ሲከፈት ለመንግሥት ለሚከፈለው ለዳኝነት ገንዘብ ይውላል። ከተረጂዋ አምስት ሳንቲም አይነካም። ገንዘብ ያዥዋ መይሙና ናት። ሕግ የሚያውቁት ደግሞ ጋሽ ሞገስ ናቸው፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ። ማኅበሩ በወር ሠላሳ ብር ቆርጦላቸዋል፤ እሱኑም ገንዘብ በጠፋ ጊዜ "ይደርሳል፣ ይደርሳል" እያሉ ያሳልፉታል።

እንግዲህ ጉዱን ያመጣው ልማድ ይሄ ነው። ማኅበሩ የመጀመሪያዋን ሴት ለችሎት ያቀረበ ጊዜ፣ ሴትየዋ ቀሚሷ የተቀደደ ስለነበር የበሩ ዘበኛ "ለማኝ እዚህ አይገባም" ብሎ በክንዱ ገፍትሮ አስወጣት። መይሙና ያን ቀን ያበደችው እብደት! "ወላሂ ከእንግዲህ የኛን ሰው እንዲህ የሚያይ ዓይን አይኖርም" ብላ ማለች። ከዚያ ወዲህ ተረጂዋ ለችሎት ስትቀርብ የማኅበሩ ሴቶች እንደ ሙሽራ ያለብሷታል። ጉትቻው ከአንዷ፣ አምባሩ ከሌላዋ፣ የሐር ሻሹ ከሦስተኛዋ። ችሎቱ ሲያበቃ ወርቁ ለየባለቤቱ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ጠቅሟቸዋል፤ ዳኛም ሰው ነው፣ ያማረባት ሴት ፊቱ ስትቆም ቀና ብሎ ያያል። የዳኝነቱን ገንዘብ ማኅበሩ ስለሚከፍል፣ ከሳሿ ምን ጌጥ አደረገች፣ ምን ለበሰች ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ግን ውርጭ ወረደና በከተማዋ ዙሪያ ያለውን የጨርጨር ደጋ ጫት አቃጠለው። ያደረው ቅጠል ጠዋት ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ገበያ ሞተ። የሚሸጥ ከሌለ ለማኅበር የሚለየው ዙርባ ከየት ይመጣል? መይሙና የማኅበሩን ሳጥን ስትከፍት ሃያ ብር የማይሞላ ሳንቲም አንኳኳላት።

ጣሂራ የምትባል ሴት ከቦኬ ወረዳ የመጣችው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ገና ለጋ ሴት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። ባሏ በድሪ የእህል ወፍጮ ነበረው፣ ቦኬ ገበያ ጥግ ላይ። የወፍጮው ሞተር የተገዛው በሷ የሠርግ ወርቅ ነበር፤ ድሬዳዋ ድረስ ሄደው ለአንጥረኛ ሸጠውት። በድሪን ወባ ገደለው። ሀዘኑ ሳይወጣ ታላቅ ወንድሙ መስዑድ የወፍጮውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፣ ልጆቹንም ወደ እናቱ ቤት ወሰደ። ከዚያም ሽማግሌ ላከ። "ወንድሜ ሞቷል፣ ሚስቱን አልበትንም። ኒካህ ታስርልኝና ከልጆቿ ጋር ከወፍጮው ትብላ" አለ። በቤቱ ሁለት ሚስቶች አሉት፤ ከሁለቱም ፊት ላይ የዱላ ምልክት አይጠፋም። ጣሂራ እምቢ ብላ፣ ለብሳው በነበረው ቀሚስ ብቻ ጭሮ ገባች። መይሙና ጫት ተራ ቆማ ስታለቅስ አግኝታ ቤቷ ወሰደቻት።

ጋሽ ሞገስ ነገሩን አዳምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። "ነገሩ አጭር ነው" አሉ። "ወፍጮው የጋራ ሀብት መሆኑን ካስረዳን ድርሻዋን ታገኛለች፣ ልጆቿንም ይዛ ራሷን ትችላለች። ካላስረዳን የሰውየው ሦስተኛ ሚስት ትሆናለች፤ ወይ ልጆቿን ትታ ትቀራለች።"

"የዳኝነቱ ስንት ይመጣል?" አለች መይሙና።

"ወፍጮው የሚያወጣው ተገምቶ ነው። ከአራት መቶ ብር አይወርድም።"

"አራት መቶ! ያ ረቢ! ማኅበሩን ከነወንበሩ ብንሸጠው አያወጣም እኮ።"

"ሕጉ ለደሃ በር ይተዋል" አሉ ጋሽ ሞገስ። "ምንም የሌላት መሆኗን ካረጋገጠች ሳትከፍል እንድትከስ ዳኛው ይፈቅድላታል። ከቦኬ ገበሬ ማኅበር ወረቀት እናስመጣለን።"

ወረቀቱ መጣ። "ምንም ዓይነት ንብረት የላትም" ይላል፣ ከነማኅተሙ። ጋሽ ሞገስ ማመልከቻውን ሲጽፉ፣ የጣሂራ ወርቅ ተሽጦ ሞተሩ መገዛቱን እዚያው ውስጥ አስገቡት። ቀጠሮው ጥር ላይ ዋለ። ተከሳሹም የሚቃወም ከሆነ ቀርቦ ይቃወም ተባለ።

ከቀጠሮው በፊት ጋሽ ሞገስ ለሥላሴ ክብረ በዓል አሰቦት ገዳም ወረዱ፤ የዓመት ስእለታቸው ነው፣ ቀርተው አያውቁም። ሲሄዱ "ከአሰቦት በቀጥታ ችሎት እደርሳለሁ፤ እናንተ ብቻ ሰዓት እንዳታሳልፉ" ብለው አስጠነቀቁ። ሰዓቱን አስጠነቀቁ እንጂ ልብሱን ማን ያስበዋል? ደሃ ነኝ የምትልን ሴት ወርቅ አስሮላት የሚያቀርብ ሰው ይኖራል ብሎ በምን አእምሮው ይጠርጥር!

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሴቶቹ መይሙና ቤት ተሰበሰቡ። ረዲያ የወርቅ ጉትቻዋን ይዛ መጣች፣ ሰዓዲያ አምባሯን። መይሙና ደግሞ ለማንም አውጥታው የማታውቀውን ድሪዋን፣ ልጇ ስትዳር አደርግላታለሁ ያለችውን የወርቅ ሐብል፣ ከሳጥኗ አወጣች። ይቺ ልጅ የመይሙናን ልብ በምን እንደነካችው እንጃ፤ ምናልባት የቤቷ እንግዳ ስለሆነች ይሆናል፣ ምናልባት ውርጩ ማኅበሩን ያዋረደው ስለመሰላት።

ጣሂራ ድሪው አንገቷ ላይ ሲያርፍ በእጇ ያዘችው። "አዴ መይሙና" አለች፣ እናቷን እንደምትጠራ ቀስ ብላ፣ "እኔ ዛሬ ደሃ ነኝ ብዬ አይደለም እንዴ የምቆመው?"

"ደሃ ነሽ እንጂ ለማኝ አይደለሽም!" አለች መይሙና። "ያ ከይሲ እንደተጎሳቆልሽ አይቶ ደስ እንዲለው ነው የምትፈልጊው? ቀና በይ ደግሞ! አንገትሽን አትስበሪ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ረዲያ እልል አለች። ጣሂራ የሰው ቤት እየበላች የምታድር፣ በዚያ ላይ እናት የምታክላትን ሴት ምን ብላ ትከራከር? አንገቷን ቀና አደረገች።

ችሎት ሲገቡ ጋሽ ሞገስ የገዳም አቧራ ካቦርታቸው ላይ እንዳለ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዞር አሉ። ጣሂራን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወስደው ምልክት ሊሰጡ ሲሞክሩ "ተነሡ!" ተባለና ዳኛው ገቡ።

መስዑድ ጠበቃ አልያዘም። እህል ሲፈጭ የዋለበትን ዱቄት የጠገበ ኮት ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። መጀመሪያ ጣሂራን ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል መይሙና አየችው።

"ክቡር ዳኛ" አለ፣ "እኔ አልተማርኩም። ዓይን ግን አላህ ሰጥቶኛል። ይቺ ሴት ምንም የለኝም ብላለች፤ ጉትቻ አላት፣ አምባር አላት። ወርቄን ሸጬ ሞተር ገዛሁ ብላለች፤ ወርቁ ያውና አንገቷ ላይ! የወንድሜ ነፍስ ይፍረደኝ፣ ሌላ የምለው የለኝም።"

ችሎቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ዳኛው፣ ወጣት ናቸው፣ ክፉም አይደሉ፣ ወደ ጣሂራ ዞሩ። "ወርቁ የማን ነው?"

ጣሂራ መይሙናን አየቻት። ያዋሰን ሰው በአደባባይ መጥራት ነውር ነው፤ ውሰት ካዋሰው ሰው አፍ ካልወጣ አይወራም።

"የኔ ነው!" አለች መይሙና፣ ከኋላ ብድግ ብላ። "ድሪው የኔ ነው፣ ጉትቻው የረዲያ ነው፣ እሷ ምንም የላትም ጌታዬ፣ ወላሂ ምንም የላትም!"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነኝ።"

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እናቴ፣ ማኅበራችሁ ለአንድ ጠዋት ይህን ያህል ወርቅ የሚያስር ከሆነ ለዳኝነቱ ገንዘብ ምን አነሰው? መንግሥት በነፃ ያየው ዘንድ የሚለምነው ምን ቸግሮት ነው?"

ያ ሁሉ የጫት ተራ አፍ የት እንደገባ! ዳኛው ፈቃዱን ከለከሉ፤ ገንዘቡ በአሥራ አምስት ቀን ካልተከፈለ መዝገቡ ይዘጋ አሉ፤ መስዑድ ስለ ወርቁ የተናገረውም ተጽፎ እንዲያያዝ አዘዙ።

ውጭ ወጥተው ጋሽ ሞገስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። "ወርቋን ሸጣለች የሚል ክስ ጻፍኩ" አሉ፣ "ወርቅ ያሰረች ከሳሽ አመጣሽልኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ ክብሯን ብዬ ነው..."

"አውቃለሁ። አሁን የሚቀረን ገንዘቡ ነው። ከተከፈለ መዝገቡ ይቀጥላል። ያዋሱትን ሴቶች ምስክር አድርጌ አቆማለሁ፣ አንጥረኛውንም ከድሬዳዋ አስመጣለሁ። ተስፋ አለ። ካልተከፈለ ግን ምንም የለም።"

መይሙና የዚያኑ ቀን ሴቶቹን ሰበሰበች። ወርቁን እንሽጠውና እንክፈል፣ ጫቱ ሲያገግም ማኅበሩ ይተካላችኋል አለች። አይ ሰው! ጠዋት እልል ያለች ሁሉ መሬት መሬት አየች። ረዲያ "የእናቴ ማስታወሻ ነው" አለች። ሰዓዲያ "ባሌ ያርደኛል" አለች። ለአንድ ጠዋት ማስዋብና እስከ ዘላለሙ መስጠት ለየቅል ነው መቼም። መይሙና ልትሰድባቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ድሪው የሷም ሳጥን ውስጥ ነበራ! "የኔን ልሽጥ" የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። ልጇ ከረመዳን በኋላ ልትዳር ነው፤ የሙሽራው ዘመዶች ድሪውን በዓይናቸው አይተውታል፣ "የእናቷ ድሪ" እየተባለ ተወርቷል። ባዶ አንገት ልጅ ስታስረክብ ጭሮ ምን ይላል?

ስለዚህ ሌላ ሌላውን ሞከረች። ነጋዴዎችን ለመነች፣ ውርጩ የመታው ሁሉ እጁን አራገበ። የቀብሩን አፎሻ ጠየቀች፣ "የሙታን ገንዘብ ለነገር አይወጣም" አሏት። ቀኑ እንደሁ አይቆምም። ማታ ቤት ስትገባ ጣሂራ ደጁን ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ ትጠብቃታለች። "ተገኘ?" ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም። "ይገኛል፣ ኢንሻአላህ፣ ታገሺ" ትላለች መይሙና፣ ዓይኗን ከሳጥኑ እያሸሸች። ሳጥኑ ጣሂራ የምትተኛበት መደብ አጠገብ ነበር። ልጅቷ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ አንገቷ ላይ አርፎ ነበር እኮ።

በዚህ መሃል የመስዑድ ሽማግሌዎች ከቦኬ መጡ። ትንሹ ልጅ ታሟል፣ እናቱን ይጠራል አሉ። ጣሂራ ያን ቀን ሙሉ ግድግዳ ይዛ ዋለች። በማግስቱ መይሙና ገበያ ውላ ስትመለስ ደጁ ተጠርጓል፣ ውሃው ተቀድቷል፣ ጣሂራ የለችም። ጎረቤት "ከሽማግሌዎቹ ጋር በጭነት መኪና ሄደች" አላት።

መይሙና መሬት ላይ ዘፍ አለች። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኳት!" አለች። ከዚያ ተነሥታ ሳጥኑን ከፈተች። ዛሬ ለመክፈት ምንም አልከበዳትም፤ ያ ሁሉ ቀን ምን እንደከበዳት ራሷም አልገባት አለ። ከወርቅ ነጋዴው ጋር ሳትከራከር፣ እሷ ሳትከራከር! ያለውን ተቀበለች፤ አራት መቶ ሃምሳ ብር። ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ በበነጋው ቦኬ ወጣች። ዳኛው የሰጡት አሥራ አምስት ቀን ገና አላለፈም ነበር። ጣሂራን ይዛ ትመለሳለች፣ ከዚያ በቀጥታ ጋሽ ሞገስ ዘንድ፣ ከዚያ መዝገብ ቤት። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስታስብ ሄደች።

ቦኬ ገበያ ነበር። ወፍጮው እየጮኸ ነው፣ ሴቶች ከረጢታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። መስዑድ በሩ ላይ ሆኖ አያትና በሁለት እጁ ጨበጣት። "አዴ መይሙና! እንኳን መጣሽ። ኒካሁ ትናንት ማታ ነበር፣ ድግሱ አላለቀም፣ ግቢና ብዪ።"

ከወፍጮው ማዶ ወዳለው ቤቱ መራት። ገባች። ጣሂራ ከጓዳ ወጣች፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ትንሹ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ሰላም አለቻት፣ ጉልበቷን ስማ። መይሙና በሹክሹክታ "ገንዘቡን ይዣለሁ" አለች፣ መቀነቷን እየነካች። "ድሪውን ሸጥኩት። ለምን አልጠበቅሽኝም ልጄ?"

"ጠብቄሽ ነበር" አለች ጣሂራ። "እያንዳንዱን ቀን ጠብቄሽ ነበር።"

"አሁንም እኮ አልመሸም፣ ጋሽ ሞገስ..."

"አዴ መይሙና፣ አሁን ባሌ ነው። ባሌን ከስሼ ልጆቼን የት አስገባቸዋለሁ?" ልጇን ከፍ አድርጋ አዘለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ደክሟታል፣ በቃ። "እኔ በቡትቶዬ አላፈርኩም ነበር። እንዳለሁ ብትወስጅኝ ዳኛው ያየኝ ነበር። ያፈርሽብኝ አንቺ ነሽ።"

መይሙና እጇን ከመቀነቷ ላይ አነሣች። ጣሂራ ጓዳ ተመልሳ የኒካሁን ሩዝና ሥጋ በሳህን አቀረበችላት፣ እጇንም አስታጠበቻት። የኒካህ ምግብ እምቢ ማለት ሙሽራዋን መርገም ነው ይባላል። ወፍጮው ከማዶ ሲጮህ፣ መስዑድ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት፣ መይሙና ቢስሚላሂ ብላ በላች።